አስካለ፣ ጣትሽ ወዴት አለ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የመስታወት ቁራጭ ጣቴን አላውቀውም አለኝ። አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሄጄ ነው። ልጅቷ አውራ ጣቴን ለስለስ አድርጋ ይዛ የክብሪት ሳጥን በምታህል ማሽን ላይ አሳረፈችው፤ ኮምፒውተሯን አየች፤ ከንፈሯን ነከሰች። «እማማ፣ አንዴ ይድገሙት» አለችኝ። ደገምኩት። «ጫን ያድርጉት።» ጫንኩት። ቀይ መብራት በራ። «አልተነበበም። ጣትዎ አልቋል እኮ እማማ!» ብላ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። ገና ልጅ ናት፤ በዚህች ከተማ ስለ ጣቴ ስከራከር የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ ማን ይነግራታል? እኔ ግን፣ ከዚያ ክርክር ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፎ፣ በስሜ ካርታ ያለው ቤት እያለኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ያንኑ የድሮውን ፍርሃት ፈራሁ።

«እስቲ እዚያ አረፍ ይበሉ፤ እጅዎ ሞቅ ሲል እንሞክረዋለን» ብላ አግዳሚ ወንበሩን አሳየችኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ ያየኋት። ነጠላዋን ስታስተካክል አገጯን ወደ ላይ አነሳች፤ በዚያች አነሳስ አወቅኋት። ተናኘ ናት፤ የአክስቴ የዘውዴ ልጅ። ስንት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት እንኳ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። «አስካለ ነሽ?» አለች። «ነኝ፤ ማሽኑ ግን ገና አላመነም» አልኳት። አልሳቀችም። ለምን እንዳልሳቀች አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው መለስን።

ጣቴን አንስቼ አሸተትኩት። ምንም። ይህ የዛሬው ማሽን ቀለም የለውም። የድሮው ግን ይሸት ነበር፤ የጥላሸትና የላምባ ሽታ፣ ከእንጀራው ጋር አብሮ አፍ ድረስ የሚመጣ፣ ቢታጠቡት ቢታጠቡት ሳምንት የማይለቅ።

ያኔ አሰላ እንደ ዛሬው ዳገቱን ሁሉ አልወጣችም። ከላይ ጭላሎ፣ ከታች ወደ ናዝሬት የሚወርደው መንገድ፣ መሐሉ ላይ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው የድንጋይ ቤት፣ ጥቂት ሱቆች፣ የጋሪ መቆሚያ፣ ከዚያ ወዲያ ገብስ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ስለዚህ ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ይሄዱና መንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ እግራቸውን ታጥበው ያደርጉታል። አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው ሻሽ ገዝቶ፣ ለጋሪ ከፍሎ፣ ስኳርም ይዞ ይመለሳል። ከጎሚስታው አጠገብ የነበረው ቡና ቤት አንድ ግራሞፎንና አንድ ሸክላ ብቻ ነበረው፤ ሸክላዋ አንድ ቦታ ላይ ተጭራ ስለነበረ ዘፋኙ ሁልጊዜ እዚያው ቃል ላይ ይንተባተብ ነበር። እኛ ዘፈኑን ከነመንተባተቡ ነው ያጠናነው። ዛሬም ያንን ዜማ በሬዲዮ ስሰማው ሳይንተባተብ ሲያልፍ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

አባቴ ባላምባራስ ነበር። ማዕረጉ ከሀብቱ ይበልጥ ነበር። የነበረው ከገበያው በላይ ያለችው ባለ አራት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት፤ አንዱን ክፍል ለመምህራን እያከራየን በእሷ እንኖር ነበር። እናቴ ቀድማው ሞታለች። ሲታመም ያስታመምኩት፣ ሲሞት ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው ወንድሜ ጢቾ ገብስ ይነግድ ነበር፤ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ ይላል። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ እነሱን ብዬ ነው እንጂ እሱን ብዬ አይደለም።

የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት ወንድሜ ከአክስታችን ከዘውዴ ጋር መጣና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በይ እንግዲህ፣ ዕቃሽን ሸክፊ» አለኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም። ወረቀቱ የሚለው፣ ከአባቴ ቤት የሚደርሰኝን ድርሻ በፈቃዴ ለወንድሜ ሰጥቻለሁ ነው። ከታች ጥቁር የጣት አሻራ አለበት።

«ይህ የማን ጣት ነው?» አልኩ።

«ያንቺ ነዋ! ረሳሽው?»

«እኔ የት ሄጄ ነው? አርባ ቀን ሙሉ ከዚህ ቤት መቼ ወጣሁ?»

አክስቴ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። «ልጄ፣ አጠገብሽ ቆሜ እኔ ምስክር ሆኜ አይደል? ሐዘን ልብሽን ሰውሮት ነው፤ አይዞሽ» አለችኝ። ምኗን እንደማልረሳላት የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ይህችን ዳበሳ ነው። ቤቴን ልትወስድ መምጣቷን እንኳ ከዓመታት በኋላ ትቼላት ነበር፤ ዳበሳውን ግን አልተውኩላትም። ምክንያቱም ሁለት ቀን ሙሉ አመንኳት። አበድኩ ወይ ብዬ ጣቴን በፀሐይ አገላብጬ አየሁ፤ የጥፍሬ ሥር ቀለም ፈለግሁ።

ያዳነችኝ ቅቤ ነጋዴዋ ሐዋ ናት። ከአጥራችን ማዶ ነበር የምትኖረው፤ አማርኛዋን ከኦሮምኛዋ እያዛነቀች ትናገራለች። ነገሩን ስነግራት ሳቀች። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ የቦታዬን ወረቀት በጣቴ ፈርሜ የለም? ተሰማ ጣቴን እንደ በግ ጆሮ ይዞ ነከረው። ሳምንት ሙሉ አልለቅ ብሎኝ ደንበኞቼ 'ቅቤሽ ጠቆረ' ብለው ሄዱ። ለቅሶሽ ላይ በየቀኑ ካንቺ ጋር በላሁ። ጣትሽ ንጹሕ ነበር። ዋቅኒ ጅራ! እግዜር አለ!» አለችኝ። ያን ቀን ልቤ ተመለሰልኝ።

ተሰማ ያለችው አቶ ተሰማን ነው፤ የውል ጸሐፊውን። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሱፍ ኮት የሚለብሱ፣ ክራባታቸውን በሽቦ ቆንጥጠው የሚይዙ፣ ለሴት ሁሉ ባርኔጣ የሚያነሱ ሰው ነበሩ። ከተማው በሙሉ ይወዳቸዋል። በዚያ ዘመን ውል የሚጸናው በጣት ነው፤ መጻፍ የሚችለው እንኳ ከፊርማው ሥር ጣቱን ያሳርፋል፤ «ፊርማ ይካዳል፣ ጣት አይካድም» ይባል ነበርና። ከኦጎልቾ፣ ከጮሌ የመጣው ገበሬ በሩ ላይ ተሰልፎ ይውላል፤ አቶ ተሰማ የእያንዳንዱን አውራ ጣት ይዘው ከቀለሙ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ጨርቁ ያመላልሱታል። ጣት አይካድም በሚባልበት አገር «አልፈረምኩም» ያልኩ ሴት ምን ስም እንደወጣልኝ ገምቱ። «ጣቷን የካደች» ተባልኩ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶች ይጠቋቆማሉ። ሰው ሰላም ሲለኝ እጄን ጨብጦ ጣቴን ያያል። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው ተናኘ ናት። የመንደሩን ልጆች አሰልፋ በደጄ ስታልፍ እንዲህ እያለች ትዘፍን ነበር፦

አስካለ፣ አስካለ፣
ጣትሽ ወዴት አለ?

ዜማውን ከዚያው ከሚንተባተበው ሸክላ ነው የወሰደችው። «ጣ-ጣ-ጣትሽ» እያለች። ጥሩ ድምፅ ነበራት፤ እሱን አልክድም።

ከቤቴ አልወጣም አልኩ። ወንድሜ ዕቃዬን ሊያወጣ ሲገባ ዘነዘና አንስቼ ትከሻውን መታሁት። ዛሬም አልጸጸትም። አንደኛ ይገባዋል፤ ሁለተኛ ያ ምት ነው ያዳነኝ። ሰው በመምታት ተከስሼ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰድኩ፤ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ሃምሳ አለቃ ወንድሙ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ወንድሙ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። አዲስ አበባ የአሻራ ትምህርት ተምሮ መጥቷል። ከተማው «ጣት ቆጣሪው» ይለው ነበር። ሥራው የተከሰሰን ሰው ሁሉ አሥር ጣት ካርድ ላይ እያተመ መላክ ነው፤ ሰዉ ግን ቀልድ አድርጎት ነበር፤ «ሃምሳ አለቃ፣ የእኔ ጣት ዛሬም አሥር ናቸው ወይ?» ይሉታል።

«ነይ እዚህ» አለኝ። «እጅሽን ታጠቢ። አድርቂው። አሁን እጅሽን ለእኔ ተይልኝ፤ አንቺ አትግፊ።» ወፍራም መስታወት ላይ ጥቂት ቀለም ጠብ አድርጎ በጎማ መዳመጫ እስኪሳሳ ድረስ ዳመጠው። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ከጥፍሬ አንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር፣ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎ በካርዱ ላይ በተሠመሩት አሥር ሳጥኖች ውስጥ አንከባለላቸው። እንደ አቶ ተሰማ መጫን የለም። ጨርሶ ከቆዳ ማህደር ውስጥ ክብ ማጉያ መስታወት አወጣና አጎነበሰ። እኔ እንደ ሌባ ቆሜ አለቅሳለሁ።

«ምን ያስለቅስሻል?»

«ጣቷን የካደች አይደለሁም።»

ቀና ብሎ አየኝ። የክሱ መዝገብ አጠገቡ ነበር፤ ወንድሜ የቤቱን ወረቀት አያይዞበታል። ገልጦ ከካርዴ ጎን አኖረው። ደግሞ በማጉያው አጎነበሰ። ከዚያ፣ «ነይ እዪ» አለኝ፤ ማጉያውንም ሰጠኝ። ሰው በሕይወቱ የገዛ ጣቱን የሚያይበት ቀን ብዙ አይደለም። መስመር ብቻ ነው፤ የታረሰ መሬት ይመስላል።

«የሰው ጣት ሦስት ዓይነት ነው» አለኝ። «አንዳንዱ እንደ ጭላሎ ጀርባ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ ቅስት ነው። አንዳንዱ ገመድ እጥፍ ስታደርጊው እንደሚሆነው ሄዶ በመጣበት ይመለሳል። አንዳንዱ በሬ እንደዞረበት አውድማ ክብ ነው፤ ሽክርክሪት እንለዋለን። ያንቺን አውራ ጣቶች እዪ፤ ግራውም ቀኙም አውድማ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን እዪ።»

አየሁት። ሄዶ የተመለሰ ገመድ ነበር።

እሱ ቀጠለ፤ ስለ ሥራው ሲናገር ዝምታው ይጠፋ ነበር። አዲስ አበባ ካርዶቹ በስም አይደረደሩም አለኝ፤ ሌባ ስሙን በየከተማው ይለውጣላ። ሽክርክሪት ያለው በየትኞቹ ጣቶች ላይ እንደሆነ እየተቆጠረ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይወጣለታል፤ ቁጥሩ መሳቢያውን ይነግራል። ሁለት ጣት ሲመሳሰል ደግሞ መሐል ላይ ካለችው ነጥብ ሦስት መስመር እስከሚገናኝበት ቦታ ያሉት መስመሮች ይቆጠራሉ፤ የት እንደሚቆረጡ፣ የት ሁለት እንደሚሆኑ ይታያል። «ስም ይለወጣል፣ ፊት ያረጃል፣ ይህ ግን ከእናትሽ ሆድ እስከ መቃብር ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ተቀየረ። ወረቀቱ ግርጌ የአክስቴ የምስክርነት አሻራም ነበር። «ይህችን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» «አክስቴ ናት።» «ያንቺ የተባለውና የእሷ የተባለው ጣት አንድ ጣት ነው።»

እንግዲህ ሁለታችንም አክስቴ ፈርማብኝ ነው አልን። ተሳስተን ነበር።

ፍርድ ቤት የቀረብንበት ቀን ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነው። ሰዉ በመስኮት ሳይቀር ያያል። ዳኛው ወፍራም፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ግን በቀላሉ የማያምኑ ሰው ነበሩ። ሃምሳ አለቃ ወንድሙ ያየውን ተናገረ። አክስቴ አልታገሠችም።

«እኔ ዘውዴ! እኔ ዘውዴ ነኝ በሰው ጣት የምፈርመው? ጌታዬ፣ እኔ በዕድሜዬ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አላውቅም!»

ዳኛው አገጫቸውን ያዙ። «ታዲያ ምስክርነቱን በምን ፈረምሽው?»

አክስቴ መዝገብ ይዘው ጥግ ወደቆሙት ወደ አቶ ተሰማ አየት አደረገች። ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ ዳኛው፣ «ጣት ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። አንተ ትለየዋለህ ብዬ ይህችን ሴት ወህኒ ላውርድ?»

«ክቡር ዳኛ፣ ይፈትኑኝ። ከዚህ ቤት የፈለጉትን ሰው ይጥሩ፤ በቁጥር ብቻ ጣታቸውን ያሳርፉ፤ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ። እኔ ውጭ እሆናለሁ።»

ሰዉ እንደ ሠርግ ደስ አለው። ሃምሳ አለቃ ወንድሙ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመ። ዳኛው በጣታቸው እየጠቆሙ ሰው አስነሱ፤ ዘበኛው፣ አንድ መምህር፣ ሁለት ገበሬዎች፣ ሐዋ፣ እኔ፣ አቶ ተሰማም፤ «ና አንተም፣ ሁልጊዜ የሰው ጣት ስትነክር ትኖራለህ» ብለው። አቶ ተሰማ እየሳቁ አሳረፉ። ዳኛው ራሳቸው ሁለት ጊዜ አሳርፈው ቁጥሩን አራራቁት። የማን ቁጥር የማን እንደሆነ የያዘውን ወረቀት ኪሳቸው ከተቱ።

ወንድሙ ተጠርቶ ገባ። ማጉያውን አወጣ። «ሁለተኛውና አሥራ አንደኛው አንድ ሰው ነው» አለ። ዳኛው በድንጋጤ አውራ ጣታቸውን ደበቁ። «አራተኛው ተከሳሿ አስካለ ናት። ሰባተኛው…» አለና ቆመ። መዝገቡን ገልጦ የእኔን ወረቀት አወጣና ከዚያ ቁጥር አጠገብ አኖረው። አንዴ አየ። ሁለቴ አየ። እኔ የማየው የአንገቱን ጀርባ ብቻ ነው፤ ሕይወቴ በሙሉ እዚያ አንገት ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሰባተኛው ማን ነው?»

ዳኛው ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ። «ተሰማ።»

«የቤቱ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለቱም ጣቶች የሰባተኛው ናቸው።»

አቶ ተሰማ ይክዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣ ይህ ጃንጥላ የማን ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው፣ «አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወንድሟ መጣ ጌታዬ። 'እህቴ እሺ ብላለች፣ ግን ሐዘን ላይ ናት፤ የባላምባራስ ልጅ ከገበሬ ጋር ተሰልፋ ጣቷን ታጨማልቅ?' አለኝ። እውነት ነው አልኩ። ለክብሯ ስል በጣቴ አደረግሁላት። ለወይዛዝርቱ ሁሉ የማደርገው ነው።»

«ለወይዛዝርቱ ሁሉ?»

«ለሁሉም። ቃላቸውን ከሰጡ ጣቱ የማንም ቢሆን ማኅተም ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

ዳኛው ቀስ ብለው ተነሱ። «ተሰማ። ባለቤቴ የናዝሬቱን ቦታ ውል የፈረመች ጊዜ…»

«ኧረ ጌታዬ፣ ምን ነካዎት! የእሳቸውን ጣትማ እንዴት ደፍሬ ቀለም አስነካለሁ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ ነው የተቀመጠው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ከአባቴ ሞት በኋላ አየር ሙሉ በሙሉ ደረቴ የገባው ያን ጊዜ ነው። ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያች ከተማ እንደ ወይዘሮ የተከበርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ቤቴን ሊወስዱብኝ።

ከዚያ የሆነውን ለመናገር ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ኀጢአት ከሆነ ይሁን። የወይዛዝርቱ ወረቀት ሁሉ እንደገና በጣት እንዲጸና ታዘዘ፤ ቀለሙን የያዘው ሃምሳ አለቃ ወንድሙ ነበር። ጣቷን የካደች እያሉ ሲጠቋቆሙብኝ የነበሩት ሴቶች ጃንጥላ ይዘው፣ ጫማቸውን አንጠልጥለው፣ ከኦጎልቾ ገበሬዎች ኋላ ተሰለፉ። የዳኛው ባለቤትም ነበሩ። ወንድሙ ከጥፍር እስከ ጥፍር እያንከባለለ አተማቸው። በላምባ አሹት፣ በአመድ አሹት፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የሁሉም አውራ ጣት ጥቁር ነበር። ሐዋ ከመንገዱ ማዶ ቅቤዋን ዘርግታ፣ «የእኔ ወረቀት ደህና ነው! እኔን ተሰማ አላከበረኝም!» እያለች ትጮኽ ነበር። እውነቷን ነው። የድሃው ወረቀት አንድም አልፈረሰም።

ወንድሜ ጥቂት ወራት ታስሮ ወደ ጢቾ ተመለሰ። አቶ ተሰማ ከሥራቸው ተነሱ። ከከተማው ሲወጡ ደጄ መጥተው ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «ለክብርሽ ብዬ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ሁለተኛ እንዳያከብሩኝ» ብዬ በሩን ዘጋሁት። አክስቴ እስክትሞት ይቅርታ አላለችኝም። ስትጠየቅ፣ «ጣት ሲያርፍ አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ጠይቂ ያለኝ የለም» ትል ነበር አሉ።

ቤቱ ቤቴ ሆነ። ክፍሎቹን ለመምህራንና ለጸሐፊዎች እያከራየሁ፣ አንሶላቸውን በሶዳ ሳሙና እያጠብኩ ኖርኩበት። ጣቴ ያለቀው በዚያ ነው። ሃምሳ አለቃ ወንድሙ ሁለት ዓመት ተከራይቶ ኖሯል፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ከተማው ያወራውን አውቃለሁ። የነበረው ነገር የእኔ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ተዛወረ። ካርዴን ግን እንደ ደንቡ አዲስ አበባ ልኮት ነበርና፣ በሆነ መሳቢያ ውስጥ ዛሬም ከሌቦች ጋር ተደርድሬ ይሆናል።

«እማማ አስካለ!» ልጅቷ ጠራችኝ። ተነሳሁ። «እስቲ ጣትዎን ግንባርዎ ላይ ዳበስ ዳበስ ያድርጉት፤ ወዝ ሲያገኝ አንዳንዴ ይነበባል» አለችኝ። ግንባሬ ላይ አሸሁት። አሳረፍኩት። ማሽኑ አሰበ፤ ምን ያህል እንዳሰበ እኔ ነኝ የማውቀው። አረንጓዴ በራ። ኮምፒውተሩ ላይ ጣቴ ትልቅ ሆኖ ታየኝ፤ ዳር ዳሩ አልቋል፣ መሐሉ ግን ያው ነው። አውድማ። «ተገኙ እማማ!» አለችኝ ልጅቷ። የቀሩትን ዘጠኝ ጣቶቼንም እያሸሁ ሰጠኋት። ወረቀት ስትሰጠኝ «መፈረም ይችላሉ?» አለች። «እችላለሁ» ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ።

ቀጥላ የገባችው ተናኘ ናት። ልሄድ ተነስቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ቀይ በራ። «ይድገሙት።» ቀይ። ልጅቷን ስልክ ጠርቷት ጀርባዋን ሰጥታ ታወራለች። «ጫን…» አለች ሳትዞር። ሦስተኛም ቀይ። ተናኘ ጣቷን እንደ ባዕድ ዕቃ አየችው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔ ጣቴን በፀሐይ ያየሁት እንደዚያ ነው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገናኘን። ልጅቷ ስልኳን እስክትጨርስ ዝም ብዬ ብወጣ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ስድሳ ዓመት ያጠራቀምኩት መልስም አፌ ላይ ነበር። ቀይ መብራቱን ግን አንድም ጊዜ እንደገና ማየት አልፈለግሁም፤ በእሷም ላይ ቢሆን።

«ግንባርሽን ዳብሺበት» አልኳት።

«እ?»

«ጣትሽን ግንባርሽ ላይ እሺው። ወዝ ይፈልጋል።»

አሸችው። አሳረፈችው። ሦስታችንም፣ ልጅቷም ስልኳን ዘግታ፣ ያቺን ትንሽ መብራት አየናት። አረንጓዴ።

ተናኘ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ እኔም ሳላስበው ተነፈስኩ። «እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ» አለችኝ። በዕድሜዋ እትዬ ብላኝ አታውቅም። ያኔ ነው ያ መልስ ከአፌ ያመለጠኝ፤ የተዘጋጀው በክፋት ነበር፣ ሲወጣ ግን ክፋቱ የት እንደቀረ እንጃ። ዜማው ያው ነው፣ ከነመንተባተቡ።

«ተናኘ፣ ተናኘ፣
ጣ-ጣ-ጣትሽ ተገኘ።»

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ልጅቷ ምን እንደሆንን አልገባትም። እኔም አልነገርኳትም። ወጣሁና ዳገቱን ወደ ቤቴ ጀመርኩት፤ ቀለም እንደሌለበት እያወቅሁ አውራ ጣቴን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ።